ሙሉ እያሳየ ድርግም ለሚል ስልክ፦ ቢኤል-5ሲ ባትሪ እንዴት እንደሚገዛ

ባለ ቁልፍ ኖኪያዬ (ባትሪው ቢኤል-5ሲ የሚባለው ዓይነት ነው) ባትሪው ሙሉ እንደሆነ እያሳየ፣ ልክ ስደውል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ቀየርኩ። የባትሪውን ጫፎች በላጲስ አጸዳሁ። ምንም ለውጥ የለም። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ባሽከረክረው እንደ እንዝርት ሾረ፤ ለካ አብጧል። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ ቻርጅም አይደረግም።

ቀጥሎ «3200 ሚሊአምፒር ሰዓት» (የባትሪው የመያዝ አቅም) የሚል ርካሽ ባትሪ ገዛሁ። ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። ዋናው ቢኤል-5ሲ ራሱ 1020 ነው እኮ የሚለው! በዚያች መጠን ሦስት እጥፍ ከየት ይመጣል?

የሠራው ይሄ ነው። ስልኩንና ዲጂታል መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዤ ሱቅ ሄድኩ። መጀመሪያ ጽሑፉን አየሁ፦ ቢኤል-5ሲ፣ 3.7 ቮልት። ቢኤል-4ሲ ቢመስልም ቀጭን ነው፣ እንዳትሸወዱ። ከዚያ መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጌ የመደመርና የመቀነስ ጫፎቹን ለካሁ። አንዱ 2.6 አሳየ፤ መለስኩት። ሊቲየም ባትሪ መደርደሪያ ላይ ብዙ ሲከርም እንዲህ ይወርዳል፤ እሱን ቻርጅ ማድረግ ያሰጋል። ሌላው 3.8 አለ። ሳልከፍል ስልኩ ውስጥ ከትቼ ረዘም አድርጌ ደወልኩ። አልጠፋም።

ቤት ቻርጅ ሳደርገው 4.2 አካባቢ ቆመ። ትርፍ ባትሪ ኪሴ ስይዝ ጫፎቹን በፕላስተር እሸፍናለሁ፤ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ካገናኛቸው ይግላል።