የኢቨንቲንግ ሲዝን ሲመጣ የቱ ውድድር ላይ እንመዝገብ?

ሰሞኑን ልጆቻቸው ፈረስ መጋለብ የጀመሩ ሁለት ሦስት የሐበሻ ቤተሰቦች "ኢቨንቲንግ ላይ ስትመዘገቡ በምንድነው የምትመርጡት?" ብለው ጠየቁኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ትሬይለር የምነዳ አባት ነኝ፣ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ስድስት ሲዝን ልጄንና ፈረሷን ጭኜ ስዞር ብዙ ብር አባክኜ የተማርኩት ነገር ስላለ እሱን ልጻፍላችሁ።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ፣ ኢቨንቲንግ ማለት አንድ ጋላቢና አንድ ፈረስ ሦስት ፈተና የሚፈተኑበት ውድድር ነው። ድሬሳዥ አለ (በሥርዓት መራመድ፣ ሶምሶማ፣ ምናምን)፣ ክሮስ ካንትሪ አለ (ሜዳ ላይ የማይነቃነቅ ግንድ፣ ቦይ፣ ውሃ እየዘለሉ በፍጥነት መጋለብ)፣ ሾው ጃምፒንግ ደሞ አለ (ነካ ሲያደርጉት የሚወድቅ እንጨት መዝለል)። የሚቆጠረው ቅጣት ስለሆነ ትንሽ ቅጣት ያለው ያሸንፋል። ክሮስ ካንትሪ ላይ ፈረሱ አንዴ ከገገመ 20፣ እዛው መሰናክል ላይ ከደገመ ተጨማሪ 40፣ ከተወሰነው ሰዓት ካለፈ በየሰከንዱ 0.4፣ ሾው ጃምፒንግ ላይ አንድ እንጨት ሲወድቅ 4። ልጅቷ ከወደቀች አለቀ፣ ከውድድር ውጪ ናት። ደረጃው ከቢጊነር ኖቪስ (መሰናክሉ ከፍታው 80 ሳንቲሜትር አካባቢ) ይጀምርና ኖቪስ 90፣ ትሬኒንግ 1 ሜትር፣ ሞዲፋይድ 1.05፣ ፕሪሊሚናሪ 1.10 እያለ ይወጣል።

እሺ፣ አመራረጡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከመጋቢት ጀምሮ ካላንደሩን እያየ "ይሄም አለ፣ ያም አለ፣ ይሄ ደሞ ቅርብ ነው" ብሎ መሙላት ሲጀምር ነው። እኛም የመጀመሪያው ዓመት እንደዛ አረግን። ጓደኞቿ ሁሉ ስለተመዘገቡ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ አምስት ውድድር ገባን፣ አምስት! ፈረሳችን ዳማ (ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም ነው ያለው፣ እኛ በቀለሙ ዳማ ነው የምንለው) አራተኛው ላይ ውሃው ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። ጀርባው ታሞ ነበር ለካ፣ እኛ ግን ያወቅነው በኋላ ነው፣ ከዛ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ባየ ቁጥር መቆም ልማድ ሆነበት፣ ለሐኪም፣ ለኮርቻ ማስተካከያ፣ ለትምህርት የከፈልኩትን አትጠይቁኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለኔ ነው።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ። የዓመቱ አንድ ግብ ምረጡ፣ አንድ ብቻ፣ ከዛ ወደኋላ ቁጠሩ። የኛ ግብ አምና ሜሪላንድ ሌይተንስቪል ያለው ዋረዳካ በኦክቶበር የሚያዘጋጀው ክላሲክ ስሪ ዴይ ነበር። ይሄ እንደ ድሮው አሠራር ነው፣ ከክሮስ ካንትሪው በፊት ረዘም ያለ የሶምሶማ ጉዞና ስቲፕልቼዝ (አጥር እየዘለሉ በፍጥነት መጋለብ) አለው፣ የፈረሱን ጤንነት ሐኪም ያያል፣ ስለዚህ መዝለል ስለቻለ ብቻ አይገባም፣ ትንፋሽ ያለው ፈረስ ይፈልጋል። ከሱ ወደኋላ ስንቆጥር ሴፕቴምበር ላይ አንድ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ አንድ፣ ጁላይ ባዶ፣ ጁን መጀመሪያ አንድ፣ ሜይ አንድ፣ ኤፕሪል አጋማሽ አንድ ወጣ። በቃ ስድስት፣ ዋናውን ጨምሮ። በሁለት ውድድር መሃል ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንተዋለን፣ በዚህ ደረጃ ከዛ በላይ አቀራርቦ የሚያስኬደን ምክንያት አላየሁም።

ጁላይን ባዶ የተውነው ለጌጥ አይደለም። የዚህ አገር የጁላይና የኦገስት ሙቀትና ወበቅ ፈረስን ያደክማል፣ ዝናብ ከጠፋ ደሞ መሬቱ ደርቆ እንደ አስፋልት ይሆንና እያንዳንዱ ዝላይ እግሩ ላይ ያርፋል። ፀደይ ላይ ያለው ችግር ተቃራኒው ነው፣ ጭቃ፣ አንዳንዴም ክሮስ ካንትሪው በዝናብ ይሰረዛል። ስለዚህ የማርችና የኤፕሪል ውድድር ስትመርጡ ቢሰረዝ ገንዘቡን ምን እንደሚያረጉት የተጻፈውን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ሙሉውን አይመልሱም።

አሁን የቱ ቦታ የሚለው። የአሜሪካ ኢቨንቲንግ ማኅበር (ዋና ቢሮው እዚሁ ሊስበርግ ነው) አገሩን አስር ኤሪያ አርጎ ከፍሎታል፣ እኛ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለነው ኤሪያ ቱ ውስጥ ነን፣ ምርጫ የሞላበት ስለሆነ እንደ ዕድለኛ ቁጠሩት፣ ሞርቨን ፓርክ፣ ሎክ ሞይ፣ ዋረዳካ፣ ትንሽ ራቅ ካላችሁ ሌክሲንግተን ያለው ቨርጂኒያ ሆርስ ሴንተር። ሁሉም "ኖቪስ" ይበል እንጂ ኖቪሱ አንድ አይደለም። አንዱ ሜዳው ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ሌላው ለጥ ያለ ነው፣ አንዱ ጋ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መሰናክሎች ልብ የሚሰጡ ናቸው፣ ሌላው ጋ ሁለተኛው ላይ ቦይ ይጠብቃችኋል። ይሄን ለማወቅ እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። ኦምኒበስ የሚባለው የማኅበሩ ዝርዝር ላይ አዘጋጁ ስለ መሬቱና ስለ ኮርሱ የጻፈው አለ፣ እሱን ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። ሁለተኛ ያለፉት ዓመታት ውጤት ኦንላይን አለ፣ እናንተ የምትገቡበትን ደረጃ ክፈቱና ስንቱ 20 እንዳገኘ፣ ስንቱ ከውድድር እንደወጣ፣ ስንቱ በሰዓቱ እንደጨረሰ ቁጠሩ። ግማሹ የሰዓት ቅጣት ካለው ወይ ዳገቱ ከባድ ነው ወይ መዞሪያው ብዙ ነው፣ 20ው ከበዛ ደሞ ፈረሶቹን የሚያስቆም አንድ መሰናክል አለ ማለት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፣ አንድ ቀን ቮለንቲር ሁኑ። መሰናክል ጠባቂ ሆናችሁ ወንበር ይዛችሁ ስትውሉ ስንቱ ፈረስ የት ጋ እንደሚያመነታ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ምሳም ይሰጧችኋል (የኛን ሰው እንጀራ ይዞ ሲመጣ አይቼ ስቄያለሁ፣ በኋላ ግን የቀናሁት እኔ ነኝ)።

የሲዝኑ የመጀመሪያ ውድድር ላይ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ፣ ልጆች ይሄን አይወዱትም፣ ዝም ብላችሁ አርጉት። ደረጃ የምትጨምሩበት ውድድር ደሞ የምታውቁት ሜዳና ለስለስ ያለ ኮርስ ይሁን፣ በማታውቁት ቦታ አዲስ ከፍታ አትሞክሩ። ከሱ በኋላ ያለውን ውድድር ደሞ ክፍት ተዉት፣ ጥሩ ከሄደ እዛው ደረጃ ትደግማላችሁ፣ ካልሄደ ወደ ታች ወርዳችሁ ፈረሱም ልጅቷም ልባቸው ይመለሳል። ፕሪሊሚናሪ ለመግባት ትሬኒንግ ላይ አራት ብቁ የሚያደርግ ውጤት ያስፈልጋል፣ አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ አራቱን በሁለት ወር ለመሰብሰብ ይሯሯጣል። እኔ ያደግኩት እንጅባራ አካባቢ ነው፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ እያየሁ፣ እዛም ሽማግሌዎቹ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይሉ ነበር። ዳማ 1.10 መዝለሉን አውቃለሁ፣ ስንት እርምጃ ሲቀራት ልጓሙን እንደምትይዝ የምትወስነው ግን ልጅቷ ናት፣ እሱ ደሞ በጥድፊያ አይመጣም።

ቀን ስትመርጡ የአሰልጣኙን ካላንደር ጠይቁ። አብዛኞቹ የራሳቸው ፈረስ ስላላቸው ኤፕሪል መጨረሻ ኬንታኪ የሚካሄደው ትልቁ ውድድር ላይ ናቸው፣ ኦክቶበር ላይ ደሞ ፌር ሂል፣ ኤልክተን፣ ከ2021 ጀምሮ ሜሪላንድ ፋይቭ ስታር (የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ውድድር) የሚካሄድበት። እሱን ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና እዩ እንጂ ያን ሳምንት አትመዝገቡ። ፋሲካንም አስቀድማችሁ ምልክት አርጉ፣ የኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው ልክ ውድድሩ በሚበዛበት ሰሞን ነው፣ አንዴ ቅዳሜ ሌሊት ቅዳሴ አድሬ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ትሬይለር ነድቻለሁ፣ አልመክርም።

ምዝገባው የሚከፈተው ከውድድሩ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው፣ የሚዘጋው ደሞ ሁለት ሳምንት ተኩል አካባቢ ሲቀር። ተወዳጅ ውድድሮች ቶሎ ስለሚሞሉና ዌይት ሊስት ላይ ስለሚያስቀምጧችሁ የተከፈተ ዕለት ላኩ፣ ከተዘጋ በኋላ ብትተዉ ግን ገንዘቡ ሄደ በሉት። እኛ አካባቢ መመዝገቢያው ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ማደሪያ ጋጣ፣ ነዳጅ፣ የአሰልጣኝ ክፍያ ሲጨመር ከእጥፍ ያልፋል፣ ስለዚህ በጀቱን በውድድር ቁጥር ሳይሆን በጉዞ አስቡት። ወረቀትም አለ፣ የኮጊንስ ምርመራ (የፈረስ ተላላፊ የደም በሽታ ምርመራ)፣ በስድስት ወር ውስጥ የተሰጠ የኢንፍሉዌንዛና የራይኖ (የፈረስ የመተንፈሻ በሽታ) ክትባት፣ ስቴት ስትሻገሩ ደሞ የሐኪም የጤና ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ ለመሄድ ድልድይ ነው የምትሻገሩት ግን ሌላ ስቴት ነው፣ እንዳትረሱት።

እና ከፍላችሁም ቢሆን መቅረትን ልመዱ። አምና ለሴፕቴምበሩ ሁሉን አዘጋጅተን ሐሙስ ማታ ዳማ በፊት ግራ እግሩ ትንሽ አነከሰ፣ በጣም ትንሽ፣ አንዳንዱ ሰው "ይሞቅለታል፣ ሂዱ" አለን። ልጄ አለቀሰች፣ እኔ የውድድሩ ሴክሬታሪ ጋ ደውዬ ስክራች አረግን (ስማችንን አሰረዝን)። ቅዳሜ ጠዋት ሰኮናው ውስጥ የያዘው መግል ፈነዳ። ሁለት ሳምንት በጨው ውሃ ስንነክር ቆየን፣ ኦክቶበር ላይ ዋረዳካን ያለምንም የዝላይ ቅጣት ጨረሰ።