የፋሲል ግንብ ሥዕሌ ለምን እንደሚጣመም ደረስኩበት

ሦስት ቀን የፈጀብኝ ነገር ነው፤ ሌላ ጀማሪ እንዳይደክም ልጻፈው። የፋሲል ግንብን ከማዕዘኑ አቅጣጫ ቆሜ በሁለት ነጥብ ፐርስፔክቲቭ (የግራና የቀኝ ግድግዳ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ ወደየራሳቸው ነጥብ የሚጠቡበት አሳሳል) እየሳልኩ ነበር። ወረቀቱ ኤ3 ነው። ከፊቴ ያለው ማዕዘን እንደ መጥረቢያ ስል ሆኖ ይወጣል፤ ዳር ያሉት ክብ ማማዎች ደግሞ ወደ ጎን ይለጠጣሉ።

መጀመሪያ የእጄ ችግር መስሎኝ እርሳሱን ከኤችቢ ወደ 2ኤች ቀየርኩ፣ ማስመሪያም አዲስ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። የዓይን ከፍታ መስመሩን (ሁለቱ ነጥቦች የሚያርፉበትን አግድም መስመር) ዝቅ አደረግኩት። ባሰበት፤ የግንቡ አናት መስመሮች ይበልጥ ተንጋደዱ።

ችግሩ ሁለቱ የመጥፊያ ነጥቦች፣ ማለትም የግድግዳዎቹ መስመሮች ሄደው የሚገናኙባቸው ነጥቦች ነበሩ። ሁለቱንም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስላስቀመጥኳቸው ርቀታቸው 42 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ይህ ማለት ወረቀቱ ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ እይታ ይዟል ማለት ነው፣ ሥዕል ሳይዛባ የሚይዘው ግን በተለምዶ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ነው።

ወረቀቱን ሰፊ ኮምፔርሳቶ መሃል ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። የዓይን ከፍታ መስመሩን ከወረቀቱ አስወጥቼ በግራም በቀኝም ቀጠልኩት፤ ከመሃል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ግራና ቀኝ ሚስማር መታሁና ሲባጎ አሰርኩ። ከዚያ ሲባጎውን ወጠር እያደረግኩ በእሱ አቅጣጫ ማስመር ብቻ ነው። ማዕዘኑ ወዲያው ተስተካከለ፣ ደስታዬን አልነግራችሁም!

ማማዎቹን መጀመሪያ እንደ ሣጥን ሳሏቸው፤ ክቡን ከዚያ ውስጥ አውጡት።