ሐረጎ ላይ መኪናው ሲለግም፦ ኤሌክትሪክ ዊልቸር ለምንጭን ሰዎች

የታላቅ ወንድሜ ዊልቸር በባትሪ የሚሄድ ነው፣ ዘመድ ከውጭ የላከለት። ደሴ ሲደርስ ደስታ እንጂ "ስንት ኪሎ ነው?" ያለ ሰው አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ በአሮጌው ሚኒባሳችን ጭነነው ከኮምቦልቻ ደሴ ተመላለስን። በመሀል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን "ሞተሩ አነሰ" ስንል ከረምን። ወንድሜም ከኋላ ሆኖ "የከበድኩት እኔ ነኝ ወይስ ወንበሩ?" ይለናል። መኪናውን ልንሸጠው ደላላ ሁሉ አነጋግረን ነበር። ጋራዥ ባንገባ ኖሮ ገንዘባችንን በትነን ነበር።

ኮምቦልቻ ደህና የነበረው መኪና ዳገቱ ላይ ይለግማል

መጀመሪያ ሚዛን። እኛ ወንበሩን ወፍጮ ቤት ወስደን የእህል ሚዛን ላይ አወጣነው። 118 ኪሎ! ባለወፍጮው "አንድ ኩንታል ጤፍ ከነምርቃቱ" ብሎ ሳቀ። ከስሩ ያሉት ሁለት ባትሪዎች ብዙ ይመዝናሉ። ታጥፈው የሚገቡ ቀላል ዊልቸሮች 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አሉ፣ ከባዶቹ ደግሞ ከ150 ያልፋሉ። ስለዚህ የራሳችሁን መዝኑ።

ግን ስሌቱን ተመልከቱ። ሰው የጫነ ሚኒባስ ከሁለት ቶን በላይ ነው። 118 ኪሎ ከዚያ ላይ ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋናው ሌባ ከፍታው ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ደሴ ስትደርሱ ሩቡ ጉልበት የለም ማለት ነው።

ይህን በትንንሾቹ መኪኖች ላይ አስሉት። ባለ 1.0 ሊትሩ ቶዮታ ቪትዝ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ባለ 1.3ቱ 87 ያህል። ደሴ ላይ ባለ 1.3ቱ 65 አካባቢ ይቀረዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ትንሹ ቪትዝ ያነሰ! ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የወሎ ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ ለወሎ የሚገዛ ሰው ከሲሲው (ከሞተሩ መጠን) በፊት "ተርቦ አለው ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። ተርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። የድሮው ተርቦ አልባ የሃይ ኤስ ናፍጣ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፣ ተርቦ ያለው ባለ 2.5 ሊትሩ ዲ ፎር ዲ ደግሞ 102። በወረቀት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሐረጎ ላይ ግን ሌላ መኪና ነው፣ ዳገት የሚገፋው ቶርክ (የሞተሩ የማዞር ኃይል) በዝቅተኛ ዙር ስለሚገኝ።

ሞተሩ በቂ ነው፣ ግን አሁንም ይለግማል

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነበር። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው የአየር ፊልትሮውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉት። የወጣው አቧራ ሲኒ ይሞላል። "አብሽር ልጄ፣ ሞተሩ አልደከመም፣ ታፍኗል" አሉኝ። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንስተው የኋላ ጎማውን በእጅ አዞሩት። ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ ነበር! ሦስት ወር ሙሉ ፍሬን ይዘን ነው ዳገት የወጣነው።

ለማንኛውም ተራው ይህ ነው፦ የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የጎማ አየር፣ የሚይዝ ፍሬን። ዙሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ጥቁር ጭስ ከበዛ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል፤ ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ፖምፓውን የሚያውቅ ሰው ያስተካክለው።

ሙቀቱ ይወጣል፣ ውሃው ይፈላል

ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው፣ ግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል። ትልቅ ጥገና ከማሰባችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከፍታችሁ።

ዳገት ላይ ሲነሳ የፊት ጎማው ይሽከረከራል፣ ማታ መብራቱ ሰማይ ያያል

ወንበሩን ከኋላ ጥግ ጭናችሁታል። ከኋላ እግሩ ወዲያ የተቀመጠ ክብደት የፊቱን ያነሳል። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ መያዣ ያጣል። የፈረስ ጉልበት ብትጨምሩበት የበለጠ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ወንበሩን ወደ መሀል አምጡት፣ በአራት ቀበቶ ከወለሉ ብረት ጋር እሰሩት፣ የወንበሩን ማብሪያ አጥፉ። የራሱ ፍሬን ብቻ አይበቃውም። ገና የምትገዙ ከሆነ በኋላ ጎማ የሚነዳ ይሻላል።

ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ሽታ

ሁሉም ስለ መውጣት ይጨነቃል፣ እኔን የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ፍሬን እየረገጡ መውረድ የፍሬን ሸራውን ያቃጥላል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይላላል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አትተዉት፣ ኤል ወይም ቢ ላይ አድርጉት። ሽታው ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ውሃ አትድፉበት።

"ኤሌክትሪክ መኪናስ?"

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ስለዚህ ደሴ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ቁልቁለቱም ላይ ጥቂት ኃይል ይመልሳል። ግን ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ደግሞ በሩን ለኩ። ብዙዎቹ የቤት መኪኖች ይህን ወንበር በቁመቱ አያስገቡትም።

ከመግዛት በፊት

ባዶ መኪና ፒያሳ ዞሮ መመለስ ሙከራ አይደለም። አንድ ኩንታል እህልና አራት ሰው ጭናችሁ ከኮምቦልቻ ደሴ ውጡ። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ከያዘ፣ የሙቀት መለኪያውም መሀል ላይ ከቆየ ዋጋ ተነጋገሩ። ሻጩ "ጤፍ ጭኜ አላሞክርም" ካለ፣ እኛን ያጋጠመን እንደዚያ ያለው ነበር፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።