የሠዓሊን ቤት ሙዚየም ስታደርጉ፣ መጥረጊያውን አስቀምጡት

ሠዓሊው ባረፈ ማግስት ዘመድ አዝማድ ስቱዲዮውን ሊያጸዳ ይነሣል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ጉዳቱ ግን አይመለስም። ሥዕሎቹን ሌላ አዳራሽ ወስዶ መስቀል ይቻላል። ሊሾው ላይ የተንጠባጠበው ቀለም፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈው ስልክ ቁጥር፣ ብሩሽ ደርቆ የቀረበት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ግን ከዚያ ክፍል ውጭ ትርጉም የላቸውም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ያለውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው እንዳሠሩት ሁሉ፣ ቤቱ ራሱ ሥራ የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ በሩ ይቆለፍ፤ ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ይሁን። ከዚያ በፊት መውጣት ያለባቸው በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅና የተርፔንታይን (የቀለም ማቅጠኛ) ፈሳሽ ብቻ ናቸው። ተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ሲወስድም ይሞቃል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይነድዳል። ውሃ ያለበት ባለክዳን ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። የተርፔንታይን ጠርሙሶችን ባሉበት ፎቶ አንሡ፣ ፈሳሹን ለብቻ አስወግዱ፣ ባዶውን ጠርሙስ ከነጽሑፉ ቦታው መልሱ። አሮጌ ነጭ ቀለም ብዙ ጊዜ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ስላለበት ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አትሥሩ።

ከዚያ ምዝገባ። ወለሉን በሲባጎ እያንዳንዱ ጎናቸው 50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ካሬዎች ክፈሉ፤ በአንዱ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ በሌላው 1፣ 2፣ 3 በሉ። እያንዳንዱን ካሬ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት፤ ከዚያ ነው ዕቃ የሚነካው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩ 2017.1.34 ከሆነ፣ በ2017 በመጀመሪያው ርክክብ የገባ 34ኛ ዕቃ ማለት ነው። ሸራ ላይ ቁጥር አይጻፍም፤ ሸራው የተወጠረበት እንጨት ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። ወረቀትም ከጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ነው። ስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ይበልጥ የሚክሰው ስቱዲዮው የግድ ከቦታው የሚነሣ ከሆነ ነው። የሠዓሊው የፍራንሲስ ቤከን የለንደን ስቱዲዮ በ1998 አየርላንድ ላለው ለደብሊን ከተማ ሙዚየም ሲሰጥ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እንደ ቁፋሮ ቦታ መዘገቡት። ከ7,000 በላይ ዕቃ፣ ግድግዳው፣ በሩ፣ ወለሉና አቧራው ሳይቀር ተጓጉዞ እንደነበረ ተተከለ፤ በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘብ ካጠረ ከሁሉ በፊት ጣሪያ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 120 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የ40 ሚሊ ሜትር ዶፍ ሲወርድ 4,800 ሊትር ይሆናል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ያ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይገባል። ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የላላ ሚስማር ከነጎማው ቀይሩ፤ አፈሩም ከግድግዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ።

የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። ለዓይን ያምራል። ሲሚንቶው ግን ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት አያስወጣም፤ ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍና ማገር በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል፣ ልስኑም እንደ ቅርፊት ይነሣል። በጭድ የተቦካ ጭቃ መርጉት። ቤቱ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ጥገና አይጀመርም፤ አንድ ክፍል ግድግዳም ብትሆን።

ብርሃን ላይ የአውሮፓ መመሪያ እንዳያሳስታችሁ። እዚያ የሰሜን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ አይመታውም ይባላል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በግንቦት ጠዋትና ማታ በሰሜኑ መስኮት ገብታ ፊት ለፊት ያለውን ሥዕል ትመታለች። በታጠበ አቡጀዴ ጋርዱ። ለውኃ ቀለምና ለወረቀት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ይበቃል። መለኪያ ከሌለ ግማሹን በካርቶን የሸፈናችሁትን ጋዜጣ አንድ ወር እዚያው ተዉት፤ ሲገለጥ በመሐሉ መስመር ከታየ ብርሃኑ በዝቷል።

ሸራ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ በቡሽ ቁራጭ ጀርባውን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት፣ አየር ይግባው። አሁን ደግሞ ማንንም ላለማስቀየም የሚከብደው፦ እንግዳ ሲመጣ ስቱዲዮው ውስጥ ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጭሶ ቡና ማፍላት። ጥላሸቱ ቀለም ላይ ያርፋል፣ እርጥብ ሣሩም ከነተባዩ ይገባል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ጎብኚ በአንድ ጊዜ ከ10 አይብለጥ፤ መተላለፊያውን 90 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ በገመድ ለዩት። ፖስትካርድ ለመሸጥ ካሰባችሁ የሥዕሉ ባለቤት መሆን ብቻ አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛት መብቱ ሠዓሊው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹን በጽሑፍ አስፈርሙ።