ርካሽ የእንጨት ቶርኖ ገዝታችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ደውሎ "ጋሼ ቶርኖዬን ልሸጠው ነው፣ ገዢ ካለ ይንገሩኝ" አለኝ። ቶርኖ ማለት እንጨቱን አስሮ የሚያሽከረክርና በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን ነው፣ ልጁ ገና ከገዛው ሦስት ወሩ ነው። ምነው ስለው "ቻይና ነዋ፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱን ይነጨዋል እንጂ አያለሰልሰውም" አለ። እሺ ማሽኑን ተወውና መሮዎችህን ይዘህ ና አልኩት። ይዞ መጣ። አራቱንም በጣቴ ዳሰስኳቸው፣ ዱልዱም! የወጥ ማንኪያ ይሻላል። ስንቴ ስለሃቸዋል ብዬ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ኧረ አዲስ ናቸው እኮ!"

ይሄን "አዲስ ናቸው እኮ" የምትል ነገር ስንት ሰው እንዳለኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰው ያለውን ብር ሁሉ ማሽኑ ላይ ያፈስና ለመሳያ ሳንቲም አያስቀርም። ከፋብሪካ የመጣ መሮ ቅርጽ የያዘ ብረት ነው እንጂ የተሳለ አይደለም፣ ስለቱን የምታወጡለት እናንተ ናችሁ። ደግሞ አንዴ ስለውት የሚገላገሉት ነገር አይደለም፣ ወይራ ላይ ከሆናችሁ በየአሥር ደቂቃው ወደ ድንጋዩ መመላለስ ያለ ነው። መዶልዶሙ በምን ይታወቃል ለምትሉ፣ የተሳለ መሮ ረጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ያወጣል፣ የዶለዶመው ሰጋቱራ ይበትናል። ሰጋቱራ ሲበዛ አቁሙና ሳሉ፣ በቃ። ካልሳላችሁ መግፋት ትጀምራላችሁ፣ ስትገፉ ስትገፉ መሮው ድንገት ይነክስና እንጨቱን ከማሽኑ ነቅሎ ይወረውረዋል፣ ከዛ ማሽኑ ይሰደባል።

አሳሳሉም የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዱ በእጅ የሚያዘውን ግራይንደር፣ ያውም የብረት መቁረጫ ዲስክ እንደገጠመለት፣ በአንድ እጁ ይዞ መሮውን በሌላው ያስጠጋዋል። ዲስኩ የተሠራው በጠርዙ እንዲቆርጥ ነው፣ በጎኑ ሲጫኑት ይፈነዳል። ትንሽ የጠረጴዛ ግራይንደር ግዙ፣ ከፊቱ መሮው የሚጋደምበት ጣውላ ሥሩለት፣ የጎድጓዳውን መሮ ስላች (ጫፉ ላይ ተጋድሞ የሚሳለውን ፊት) 45 ዲግሪ አካባቢ አርጉት። አንግሉ መያዙን ለማወቅ የመሮውን ስላች በማርከር ቀቡትና ድንጋዩን በእጃችሁ አንዴ አዙሩት፣ ቀለሙ ከየት እንደለቀቀ ታያላችሁ፣ ከላይ ብቻ ወይ ከታች ብቻ ከለቀቀ አጋደሙን አስተካክሉ። መሮው ተራ ካርቦን ብረት ከሆነ ደግሞ ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፣ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ያንን ክፍል በድንጋዩ ፍቃችሁ እስክትጨርሱት ድረስ ስለት አይዝም። ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ኤችኤስኤስ (HSS፣ ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ብረት) የተጻፈበት ግን ሙቀት ይችላል፣ እሱን ውሃ ውስጥ አትንከሩት።

እኔስ? እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በመሮ ሠራሁ ከምል በብርጭቆ ወረቀት ሠራሁ ብል ይቀላል። ሻካራውን ባለ 60 ወረቀት እየጨረስኩ "ጎበዝ ሆንኩ" እል ነበር። ልጁ ላይ የሳቅኩት ለዛ ነው፣ ራሴን ነው ያየሁት።

መሮ ከተነሳ አይቀር፣ ካረጀ ሞረድ መሮ አትሥሩ። ዋጋው ነፃ ስለሆነ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ሞረድ በጣም የጠጠረ ብረት ነው፣ ሲነክስ አይታጠፍም፣ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው፣ ስብርባሪው የት እንደሚሄድ አስቡት። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ግዙና ቀጥቃጭ ጋ ውሰዱት፣ እሱ ይሻላል፣ የኔ ወፍራሙ መፋቂያ መሮ እስካሁን ባሌስትራ ነው።

ፍጥነት። ጀማሪ ሁሉ ቶርኖውን ሲያስነሳ እጁ ወደ መጨረሻው ቁጥር ነው የሚሄደው፣ ፈጥኖ የሚሽከረከር ጥሩ ይቆርጣል ብሎ። ቀጭን የወንበር እግር ለምትሠሩ ልክ ናችሁ። ለገበቴ ግን ሒሳቡን እዩት፣ ስፋቱ 25 ሳንቲም የሆነ እንጨት በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 140 ኪሎሜትር አካባቢ ይሄዳል። ይሄ ፊታችሁ ላይ ያለ ነገር ነው እንግዲህ። እንጨት ቶርኖ ላይ የቆዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፣ ስፋቱን በሳንቲሜትር በዙሩ ታባዙና ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 መሃል እንዲሆን፣ ስለዚህ ባለ 25ቱ ከ600 እስከ 900 ዙር ይበቃዋል፣ ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ከሆነማ ከዛም በታች ጀምሩ። ለዚህ ነው ስትገዙ የፈረስ ጉልበቱን ትታችሁ ዝቅተኛ ፍጥነቱን ጠይቁ የምለው። ብዙዎቹ ርካሾች ከ750 በታች አይወርዱም፣ ትልቅ ገበቴ እሠራለሁ ብሎ ላሰበ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ እንጨቱን በእጃችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት፣ ማስደገፊያውን (መሮው የሚያርፍበትን ብረት) ነክቶ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ስታስነሱ ከፊት ለፊቱ ዞር በሉ። አንዴ ስንጥቅ ያለው የጽድ ጉማጅ ገጥሜ፣ ስንጥቋን አይቻት፣ "ትንሽ ናት" ብዬ፣ ግማሹ ግንባሬን አግኝቶኛል፣ የፊት መከለያው ባይኖር ዓይኔ ነበር።

መብራት ሲሄድ! ይሄን የውጪ ሀገር ቪዲዮ ላይ ማንም አይነግራችሁም ምክንያቱም እነሱ ጋ ችግር አይደለም። እየሠራችሁ መብራት ይሄዳል፣ "አይ መብራት ኃይል" ትሉና ቡና ልትጠጡ ትገባላችሁ፣ ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። ርካሾቹ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። እኔ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ቻኩን (እንጨቱን ነክሶ የሚይዘውን ክፍል) እያጠበቅኩ፣ ቁልፉ ቻኩ ላይ እያለ፣ እጄን ካነሳሁ ሁለት ሰከንድ አይሆንም፣ መብራት መጣ። ቁልፉ ተወርውሮ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ቀዳዳው አሁንም አለ፣ ክረምት ላይ ያፈሳል፣ ሆን ብዬ ነው ያልደፈንኩት። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ከዛ ሶኬቱን መንቀል፣ ከዛ ቡናው።

ጓንት አታርጉ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ አይሆንም፣ ማተባችሁንም ሸሚዝ ውስጥ ክተቱት።

እንጨቱ ላይ እንምጣ። ከግንባታ የተረፈ አጣና በነፃ ተገኘ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሚስማር ውስጡ ተሰብሮ ቀርቶ ይሆናል፣ ማግኔት አስጠጉበት። ከዛ ደግሞ እርጥበት አለ። ጎረቤት ግራቪሊያ ሲያስቆርጥ ሮጣችሁ ትለምናላችሁ፣ ደግ ነው፣ እርጥብ እንጨት ለመሮ ቅቤ ነው። ግን በዛው ቀን አቅጥኖ መጨረስና ለእናት በስጦታ ማቅረብ፣ በሳምንቱ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ማየት ነው። ባህር ዛፍማ ከሁሉ ይብሳል። የሚሻለው የገበቴውን ግድግዳ ከስፋቱ አንድ አሥረኛ አርጎ በወፍራሙ መተው ነው፣ ባለ 20 ሳንቲሙን 2 ሳንቲም ውፍረት፣ ከዛ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከቶ ጥቂት ወራት መርሳት። ይጣመማል፣ ይጣመም፣ ሲደርቅ እንደገና ገጥማችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ጉማጁን ሳትሠሩበት የምታቆዩት ከሆነ የተቆረጠውን ጫፍ በሰም ወይ በቀለም ድፈኑት፣ ውሃው የሚሸሸው በዛ በኩል ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ ቶርኖ ካለ፣ እዛ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 እና 50። ቀጥታ ብትሰኩት አበቃለት። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድላችኋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፣ ስለዚህ በቺንጋ ፍጥነት የሚቀየርለት ዓይነት ከሆነ ሞተሩ በስድስት አምስተኛ... ተሳሳትኩ፣ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነቱ ነው የሚዞረው፣ በደቂቃ 1,725 የተጻፈበት ወደ 1,440 ይወርዳል፣ ይግላልም፣ እያረፋችሁ ሥሩ። ለግማሽ ፈረስ ጉልበት ሞተር 500 ዋት ትራንስፎርመር አትግዙ፣ 1,000 ይሁን።

ለገበቴ ማሰሪያ ጥቁሩን የጂፕሰም ቪቴ አትጠቀሙ፣ አንገቱ ይቆረጣል። ማሽኑ ከቀለለ ጠረጴዛው ላይ በቡሎን እሰሩትና ከታች አሸዋ ጆንያ ጫኑበት፣ መንቀጥቀጡ ግማሹ በዚህ ይጠፋል፣ የልጁም እንደዛው ነበር።

በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ማስደገፊያውን አውጡት፣ ጣት መሃሉ ይገባል። አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ነው ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው፣ እኛ ግን አሁንም በነጠላ ጫፍ አፍንጫ ይዘን እንሠራለን፣ ነጠላውን ደግሞ ቅድም ከልክያለሁ፣ ማስክ ግዙ። ዘይትና ሰም ስትቀቡ እንጨቱ እየዞረ ከሆነ በጨርቅ ሳይሆን በሶፍት ቀቡ፣ ሶፍት ከተያዘ ይቀደዳል፣ ጨርቅ ግን ጣት ይዞ ይሄዳል። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ሰጋቱራው ውስጥ አትጣሉት፣ ሲደርቅ በራሱ ይሞቅና እሳት ያነሳል፣ ዘርግታችሁ ውጪ ገመድ ላይ አስጡት።