ልጆች ይዞ ወደ አርባ ምንጭ፦ የነጭ ሳር ፓርክን ምንጮች በቤተሰብ እንዴት እንጎብኝ?

ለአርባ ምንጭ ከተማ ስም ያወጡላት ምንጮች ከገደሉ ሥር፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ አዞውን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ምንጮቹን ሳያይ ይመለሳል። እኛም በመጀመሪያው ጉዟችን ያደረግነው ይህንኑ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ትልቋ ልጃችን መኪና ውስጥ "ታዲያ አርባዎቹ የታሉ?" ብላ ጠየቀችን፤ መልስ አልነበረንም። ሁለተኛ ስንሄድ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ምንጩን አስቀደምን፣ ሐይቁን አስከተልን፣ የቀረውን "ጊዜ ከተረፈ" አልን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ያ ሁለተኛው ጉዞ ያስተማረንን ነው።

መጀመሪያ ወሩንና መንገዱን ወስኑ

የአርባ ምንጭ ዝናብ የአዲስ አበባን ዝናብ አይመስልም። ዋናው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወርዳል፤ ሌላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ልጅ ለያዘ ሰው ምቹው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ የገና ሰሞን ወይም የትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት እረፍት በደንብ ይገጥማል። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ሙቀቱ ይበረታል፤ ሕፃን ያዘሉ ሰዎች ቢቀርባቸው ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴን ብዙ ሰው "ክረምት ነው" ብሎ ይተወዋል እንጂ እዚያ ዝናቡ ከደጋው የቀለለ ነው። የሚያስቸግረው እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው።

መንገዱ በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ የሚያልፈው አጠር ይላል። በየትኛውም ብትሄዱ ከልጆች ጋር ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሽንት አለ፣ ማስመለስ አለ፣ "ደረስን?" አለ። በአንድ ቀን መግፋት ካልፈለጋችሁ ሐዋሳ ወይም ሶዶ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት በመስመሩ ሰሞኑን የተመላለሰ ሾፌር ፈልጋችሁ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ጠይቁ። አቅም ለፈቀደለት አውሮፕላንም አለ።

ከሶዶ አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ በግራ በኩል የአባያ ሐይቅ ብቅ ይላል። ውሃው ቀላ ያለ ቡናማ ነውና ልጆቹ ለምን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ ደለል ሳይዘቅጥ ተንሳፎ ስለሚቆይ ነው ብላችሁ መልሱላቸው። ይህቺን ጥያቄ ያዝ አድርጓት፤ ምንጩ ዳር ስትደርሱ ታስፈልጋችኋለች።

እዚያው አርባ ምንጭ ቢያንስ ሦስት ሌሊት አድርጉ። ሁለት ሌሊት ካላችሁ ከጫሞ ሐይቅ የጀልባ ጉዞና ተራራው ላይ ካለችው ከጨንቻ አንዱን ተዉት፤ ምንጩን ግን አትተዉ።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

የልብሱን ብዛት ለእናንተ ልተወውና ሰው የሚረሳውን ልንገራችሁ። አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ ወባ አለ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ልጆቹን ሐኪም ጋር አድርሱና ቅድመ መከላከያ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቁ። ለልጅ የሚሰጠው መጠን በኪሎው ስለሚሰላ "ለእኔ የታዘዘውን ግማሹን ልስጣት" አይባልም። ክፍል ስትይዙ አጎበር እንዳለ ጠይቁ፤ ሕፃን ካላችሁ የራሳችሁን ያዙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ እጅጌ ያለው ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ይልበሱ።

ጫማን በተመለከተ ነጠላ ጫማ ለክፍል እንጂ ለምንጭ አይሆንም። ድንጋዩ ሙልጭልጭ ያደርጋል፤ ጭቃው ደግሞ ነጠላውን ይዞ ያስቀራል። ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሳንዳል ወይም ቢረጥብ የማያሳዝን ስኒከር ይሻላል። ከሐይቆቹ ማዶ ወዳለው የነጭ ሣር ሜዳ የምትዘልቁ ከሆነ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ቤት ይቅር፤ የገንዲ ዝንብ በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ይሳባል፣ ንክሻውም ያማል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ ያሰባችሁ እንደሆነ ሁለት አድርጉት። ለእርጥብ ልብስና ለቆሻሻ ጠንካራ ፌስታል ጨምሩ። ለስንቅ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ያዙ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት የፓርኩ በር ላይ ተገኙ

አርባ ምንጭ ሁለት ናት፤ ሼቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ወደ ፓርኩ የሚገባው በሲቀላ በኩል ነው። መግቢያው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ አዋቂዎቹ መታወቂያ ይያዙ፤ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጡ ዘመዶች ካሉ ፓስፖርታቸውን እንዳይረሱ። ክፍያውን በር ላይ ጠይቁና ደረሰኝ ተቀበሉ። አብሯችሁ የሚሄድ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ወይም አስጎብኚ ውሰዱ። ይህን ወጪ የሚቆጥቡ ሰዎች አውቃለሁ። ከልጅ ጋር ግን ልክ አይደለም፤ ዛፍ ላይ ያለውን ጉሬዛ እናንተ ሳታዩት እሱ ያሳያችኋል፣ የትኛው ውሃ እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካም የሚያውቀው እሱ ነው።

በማለዳ የምትሄዱት ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ጠዋት ላይ ጉሬዛው፣ ጦጣውና ዝንጀሮው ሁሉ ቁርስ ፍለጋ ላይ ነው። 4 ሰዓት ካለፈ ጉሬዛው ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይተኛል፤ ልጆቹም ይሰለቻሉ።

ደኑ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ትላልቅ ሾላዎች ሰማዩን ሸፍነውታል፤ ዙሪያው ደርቆ ቢጫ በሆነበት በበጋ እንኳ እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ነው። ዛፎቹ ሰማይ ጠባቂ አይደሉም፤ ሥራቸው ከታች ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ይደርስበታል። ከምዕራብ በኩል ያሉት የጋሞ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ወርዶ፣ ገደሉ እግር ላይ ሲደርስ መውጫ ያገኛል። ለልጆቹ እንዲህ ብላችሁ አስረዱ፦ የአባያን ውሃ ያቀላው በምድር ላይ እየጠረገ መምጣቱ ነው፤ ይኸኛው ግን በምድር ውስጥ እየተጣራ ስለመጣ እንደ መስታወት ጠርቷል። መኪና ውስጥ የተጀመረው ጥያቄ እዚህ ጋ መልሱን ያገኛል።

ምንጩ ዳር

ልጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት መቁጠር ነው። ይቁጠሩ። አንዱ ከድንጋይ ሥር ይንፎለፎላል፣ ሌላው ከዛፍ ሥር ይንጠባጠባል፣ ሌላው ጭቃ ውስጥ ይፈላል፤ የትኛው ራሱን የቻለ ምንጭ እንደሆነና የትኛው የጎረቤቱ ቅርንጫፍ እንደሆነ መስማማት አይቻልም። የእኛዎቹ አሥራ ሰባት ላይ ተጣልተው ቆሙ። በእኛ አነጋገር "አርባ" ማለት ብዙ ማለት ጭምር እንደሆነ ብነግራቸውም አልተቀበሉኝም።

እዚያው የግንብ ሥራ ታያላችሁ። ከተማው የሚጠጣው ውሃ ከእነዚህ ምንጮች ይሳባልና፣ ግንቡ ላይ መውጣትም ሆነ ድንጋይ መወርወር የለም። ለልጅ "ክልክል ነው" ከማለት "ይህ የከተማው ሰው ሁሉ እንስራ ነው" ማለት ይሻላል፤ የእኛዎቹ ከዚያ በኋላ እርስ በርስ መቆጣጠር ጀመሩ። ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ዳይፐር ማጠብ ፈጽሞ አይታሰብም። የሕፃኑን ዳይፐር ከውሃው ርቃችሁ ቀይሩና በያዛችሁት ፌስታል አስራችሁ ይዛችሁ ውጡ።

መዋኘትስ? ስካውቱ በፈቀደበት ብቻ። በተለይ ከምንጩ ዓይን ርቃችሁ፣ ሣር በበቀለበትና ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ልጆችን አታስገቡ። እንዲህ ባለ ውሃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል ያሳድጋሉ፤ ትሉም ባልቆሰለ ቆዳ ጭምር ዘልቆ ይገባል። ወደ ኩልፎ ወንዝና ወደ ሐይቆቹ ዳርቻ ደግሞ ጭራሽ አይኬድም፤ አዞ አለ። ለልጆቹ አንድ ቁርጥ ያለ ደንብ ስጧቸው፦ ስካውቱ "እዚህ" ካለው ቦታ ውጭ እግር ውሃ አይነካም።

አንድ አዋቂ ምንም ሥራ ሳይሰጠው፣ ስልክ ሳይዝ፣ ልጆቹን ብቻ ይይ። "ሁላችንም እያየን ነው" በሚባልበት ሰዓት ማንም አያይም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለጉልበት ጥልቀት ላለው ጅረትም ይሠራል። እኛ በየግማሽ ሰዓቱ ተረኛ ቀየርን፤ ቀልድ ቢመስልም ባለቤቴ ተረኛው ኮፍያ እንዲያደርግ ደነገገች፤ ኮፍያ ያደረገ ቡና አያፈላም፣ ፎቶ አያነሳም።

ስለ ዝንጀሮውና ስለ ሙዙ

አርባ ምንጭ የሙዝ አገር ናት፤ ሙዝ ይዛችሁ መግባታችሁ አይቀርም። ዝንጀሮውም ይህን ያውቃል። ሙዝ በእጁ የያዘ ልጅ ለዝንጀሮ የሚፈራ ሰው አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለ ምግብ ነው። ምግብ በክዳን ዕቃ፣ ዕቃው በቦርሳ፣ ቦርሳው በመኪና ይሁን፤ የመኪናው መስኮትም ይዘጋ። መብላት ከፈለጋችሁ በሩን ዘግታችሁ ብሉ። አንዱ ከነጠቃችሁ ተዉለት፤ አትታገሉ፣ ጥርሱ የዋዛ አይደለም። ለፎቶ ብሎ መወርወር ደግሞ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ጣጣ ማስቀመጥ ነው።

ከ5 ሰዓት በፊት ውጡ። ምሳ ከተማ ብሉ፤ ከጫሞ የተጠመደ ዓሣ ጥብስ፣ ጉላሽ ወይም ለብለብ በየቤቱ አለ። ለትንንሾቹ አጥንት የሌለው ፊሌቶ እዘዙ። የሚያቃጥለውን ዳጣ ግን ልጅ አይንካ፤ እኔ ራሴ ነክቼ አልቅሻለሁ። ከሰዓት ሁሉም ይተኛ።

በማግስቱ ጫሞ

ጀልባውን ለሁለተኛው ቀን ጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት ነፋሱ ስለሚነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ከመሳፈራችሁ በፊት ለልጅ ልክ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ፣ አልብሱ፣ አጥብቁ። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ከላይ ሾልኮ ይወጣል፤ "ይበቃዋል" የሚል ባለጀልባ ካጋጠማችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። የጫሞ አዞዎች ግዙፎች ናቸው፤ የሚሰበሰቡበትን ዳርቻ ሰዉ "የአዞ ገበያ" ይለዋል፣ ሻጭም ገዢም አዞ የሆነበት። እጅ ከጀልባው አይወጣም። ጉማሬ ሲታይ ባለጀልባው ራቅ እንዲል ጠይቁት እንጂ "ጠጋ በልልን" አትበሉት። በጀልባ ላይ ሕፃን አይበረክትም፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለውን አንዳችሁ ይዛችሁት መሬት ላይ ቅሩ፤ እኛ ያደረግነው ይህን ነው፣ ማንም አልተቆጨም።

የፓርኩ ስም የወጣለት ነጭ ሣር ያለው ከሁለቱ ሐይቆች፣ ከአባያና ከጫሞ፣ ማዶ ነው። እዚያ የሚደረሰው ሐይቆቹን በሚለያየው፣ የእግዜር ድልድይ በሚባለው መሬት አልፎ ነው፤ መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ጠንካራ ፎር ባይ ፎር ይፈልጋል። የሜዳ አህያው ደስ ይላል፣ ትንንሽ ልጅ ላለው ግን መንገላታቱ ከደስታው ይበልጣል። ትልልቆቹን የምትወስዱ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በዚያ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። በማታ የምትበር ወፍ ናት፤ ጥርስ ያላት የሌሊት ወፍ ግን አይደለችም። የእኛ ልጅ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ላባ ስትለቅም ከረመች።

ጊዜ ከተረፈ ወደ ጨንቻ ውጡ

ሦስተኛውን ቀን ሽቅብ ውጡ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሙቀቱ እዚያ ታች ይቀርና ጉም ይቀበላችኋል። ሹራብ ያዙ። ዶርዜ ላይ ከቀርከሃ የተሠሩትን ረጃጅም ቤቶች ልጆቹ ይወዷቸዋል፤ ቆጮ በማር ከቀረበላቸው ደግሞ ስለ ፓስታ አያነሱም። ዝናብ ከጣለባችሁ አትበሳጩ፤ ልጆቹን ወደ ታች፣ ወደ ደኑ አቅጣጫ አዙራችሁ የቆጠሯቸው ምንጮች የሚመገቡት ከእንዲህ ያለው ዝናብ እንደሆነ አሳዩአቸው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ የቀረ አንድ ሥራ አለ። በተከታዮቹ ሳምንታት ውስጥ ከልጆቹ አንዱን ቢያተኩሰው "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱና ገና ከበሩ "አርባ ምንጭ ነበርን" በሉ፤ የወባ የደም ምርመራው ሳይዘገይ እንዲታዘዝ የሚያደርገው ይህ ቃል ነው። መከላከያ ወስዶ የነበረ ልጅ ቢሆንም እንኳ ይመርመር።