የሊድ መበየጃ ጫፍ ሲያልቅ

የንግድ ስም የሌለው ርካሽ የሊድ መበየጃ ጫፉ ስለተበላ ብቻ አይጣል። ከሶኬት ነቅላችሁ ሲቀዘቅዝ ጫፉን አውጡና ለኩት። ማሞቂያው ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቅ ሆኖ የውጭ ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው ደግሞ ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከሆነ «900ኤም» የሚባለውን ጫፍ ጠይቁ። ብዙዎቹ ርካሽ መበየጃዎች ሃኮ የተባለውን የጃፓን መበየጃ አምራች ልክ ስለሚከተሉ ይገጥማል። የአዲሱ ጫፍ ቀዳዳ ለማሞቂያው ከሰፋ ግን አትግዙት፤ በመሃል የሚገባው አየር ሙቀቱን ያግደዋል።

በጎን ብሎን የሚጠብቅ ድፍን ዘንግ ከሆነስ? የዘንጉን ያህል ውፍረት ያለው ድፍን የመዳብ ሽቦ ቆርጣችሁ፣ በሞረድ አሹላችሁ ግጠሙ። መዳብ ሙቀትን በሚገባ ያስተላልፋል፤ ሆኖም የቀለጠው ሊድ ቀስ በቀስ ስለሚበላው በየጊዜው መሞረድ ይፈልጋል። በብረት የተለበጠውን የፋብሪካ ጫፍ ግን ፈጽሞ አትሞርዱ፤ ልባጡ ከተነሳ ቶሎ ያልቃል።